ያገለገለ ኤሌክትሮኒክ ድራም፦ ከሞጁሉ በፊት ሃይሃቱን እይ

ጥያቄው፦ «ኤሌክትሮኒክ ድራም መጫወት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያለኝ ለጀማሪ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ስኔሩ (ፊት ለፊቴ ያለው ዋናው ድራም) ሜሽ፣ ማለትም የተወጠረ መረብ፣ ቶሞቹ (ሌሎቹ ድራሞች) ጎማ፣ ሃይሃቱ (በእግር የሚከፈተውና የሚዘጋው ሲምባል) ደግሞ አንድ ትንሽ ፓድና መሬት ላይ የሚቀመጥ ፔዳል። አሁን አሁን ድራሙ ወደ ኋላ የሚጎትተኝ ይመስለኛል። ያገለገለ የሮላንድ ቲዲ-20 ሙሉ ስብስብ አግኝቻለሁ፤ በዘመኑ ቁንጮው እንደነበረ አውቃለሁ። ሻጩም የፈለግከውን ድምፅ ትጭንበታለህ ብሎኛል። በዚያው ገንዘብ ያገለገለ ቲዲ-17 ኬቪኤክስ አለ፤ ግን መካከለኛ ሞዴል ስለሆነ መውረድ መሰለኝ። የትኛውን ልግዛ? የሌላ ድርጅት ምርት የሆኑትን የድሮ ሲምባሎቼንስ አብሬ ልጠቀምባቸው? ሜሽ ከሆነ ደግሞ ከታች ያሉት ጎረቤቶች አይሰሙኝም አይደል?»

ቲዲ-17 ኬቪኤክሱን ግዛ። ሃይሃቱ፣ ስኔሩና ራይዱ (ምት የሚያዝበት ትልቁ ሲምባል) ከታች የምነግርህን ፍተሻ ካለፉ ብዙ አታመንታ። ይህን የምለው ቲዲ-20 መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጥያቄህ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ግምቶች ግን ወደማያዋጣህ ዕቃ እየገፉህ ነው።

ከሻጩ ልጀምር። «የፈለግከውን ድምፅ ትጭንበታለህ» ያለህ ስህተት ነው። የቲዲ-20 ሞጁል፣ ማለትም የፓዶቹን ምት ወደ ድምፅ የሚቀይረው ሳጥን፣ ካርድ መክተቻ አለው፤ እውነት ነው። ካርዱ ግን ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው የድሮ ዓይነት ነው፣ ሥራውም አንተ ያስተካከልካቸውን ነገሮች መጠባበቂያ አድርጎ መያዝ ነው። ከውጭ የተቀዳ የድራም ድምፅ አያስገባልህም። ዩኤስቢም የለውም። ከላፕቶፕ ጋር ላገናኘው ካልክ ሚዲን (የትኛው ፓድ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ የሚናገረውን መረጃ) የሚያሳልፈውን ክብ ባለ አምስት እግር ኬብል፣ እሱን ተቀብሎ ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ኢንተርፌስም መግዛት አለብህ። ቲዲ-17 ግን በኤስዲ ካርድ የራስህን የተቀዳ ድምፅ ይቀበላል። በአንድ ዩኤስቢ ኬብል ሚዲውንም ድምፁንም ወደ ኮምፒውተር ይልካል።

«መካከለኛ ነው፣ መውረድ ነው» የሚለው ሐሳብም አያስኬድም። ቁንጮና መካከለኛ የሚባለው በአንድ ዘመን ከወጡት መካከል ነው። ቲዲ-20 የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቲዲ-17 በ2018። በመሃላቸው አሥራ አራት ዓመት አለ። የቲዲ-17 የድምፅ አሠራር የመጣው በ2016 ከወጣው ከቲዲ-50 ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ ዘመን ቁንጮ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዳምጥ «መካከለኛው» ይበልጥ የእውነት ድራም ቢመስልህ አይግረምህ።

ለቲዲ-20 ፍርድ እንዳላጎድልበት፣ የሚበልጥበትም አለ። ለእያንዳንዱ ፓድ የራሱ መሰኪያ አለው። ድምፅ ማውጫዎቹ ብዙ ስለሆኑ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ድራም) ለብቻ፣ ስኔሩን ለብቻ ወደ ሚክሰር መላክ ትችላለህ። የስኔሩን ሜሽ መሃሉ ላይ ይሁን ከመሃሉ ራቅ ብለህ እንደመታህ ለይቶ ድምፁን ይቀይራል፤ ቲዲ-17 ይህን አያደርግም። መድረክ ላይ የሚጫወት፣ የራሱ የድምፅ ባለሙያ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ሌላ መልስ እሰጥ ነበር። አንተ ግን ቤትህ ውስጥ በሄድፎን ነው የምትጫወተው። ደግሞም ሃያ ዓመት የዘለቀ ዕቃ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ይደርቃል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ የስክሪኑ መብራት ይደክማል፣ ቁልፎቹ አንዴ ይሠራሉ አንዴ እምቢ ይላሉ። መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት የልምምድ ሰዓትህን ይበላዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ወደ ኋላ ይጎትተኛል» ያልከው ስሜት አብዛኛውን ጊዜ ከድምፁ አይመጣም። የሚመጣው ከሃይሃቱ ነው። ሰው ድራም ሊቀይር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሞጁሉ ስንት ድምፅ እንዳለው ነው። ከስንት መቶው ድምፅ ውስጥ ግን በሳምንቱ ሁለት ወይም ሦስቱን መርጦ በእነሱ ይቀራል። እጁና እግሩ በየሰከንዱ የሚነኩትን ነገር ደግሞ ሳያየው ይገዛል።

ያንተ ሃይሃት በትክክል ሁለት የማይተዋወቁ ዕቃዎች ናቸው። ፓዱ የሚያውቀው መመታቱን ነው። ፔዳሉ የሚያውቀው ምን ያህል እንደተረገጠ ነው። ሞጁሉ ሁለቱን አገናኝቶ «ክፍት ነው፣ ዝግ ነው» ብሎ ይወስናል። እግርህን ስታነሳ ከስቲክህ ሥር ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ተከፍቶም ተዘግቶም ስቲኩ የሚነጥረው እኩል ነው። እውነተኛ ሃይሃት ላይ ግን እግርህን ትንሽ ስታላላ የላይኛው ሲምባል ይፈታል፣ ከስቲክህ ሥር ይሸሻል፣ እጅህም ይህን ተሰምቶት ኃይሉን ይመጥናል። ይህን እጅህ የሚማረው በመንካት ነው፤ በጆሮ ብቻ አይገባውም። ጀማሪ ላይ የሚያተኩሩ ብዙ ሞጁሎች ደግሞ በክፍትና በዝግ መካከል ያለውን ቦታ በጥቂት ደረጃ ብቻ ነው የሚያነቡት። ስለዚህ በጥንቃቄ ግማሽ ብትከፍተውም የምትሰማው ወይ ሙሉ ክፍት ወይ ሙሉ ዝግ ይሆናል። ሦስት ዓመት የሠለጠነ እግር በዚህ መናደዱ አይቀርም።

ኬቪኤክሱ ላይ ያለው ቪኤች-10 የሚባለው ሃይሃት ግን በእውነተኛ የሃይሃት ስታንድ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስትረግጥ ይወርዳል፣ ስትለቅ ይነሳል፣ ሲመታም ይወዛወዛል። ለውጡን በመጀመሪያው ቀን ታውቀዋለህ። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ ቲዲ-17 ኬቪ የሚባል ሌላ ስብስብ አለ። ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለየው፣ ሞጁሉም ያው ነው፤ ሃይሃቱ ግን አሁን ያለህ ዓይነት ፓድና የመሬት ፔዳል ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አውቆም ይሁን ሳያውቅ ኬቪውን ኬቪኤክስ ብሎ ሊጠራው ይችላል። ፎቶው ላይ ከሃይሃቱ ሥር ባለ ሦስት እግር ስታንድ ካላየህ ጠይቅ። ሌላም ነገር አለ። የሃይሃቱ ስታንድና የኪክ ፔዳሉ አዲስ ሲገዛም ከስብስቡ ጋር አይመጡም። ሻጩ አብሮ ይሰጥ እንደሆነ ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት እወቅ።

ከሃይሃቱ ቀጥሎ ስኔሩ ነው። ስፋቱን እይ። የኬቪኤክሱ ስኔር 12 ኢንች ነው። ስምንት ኢንች ፓድ ላይ የለመደ እጅ ጠባብ ቦታ ላይ ማነጣጠር ይለምዳል፤ እውነተኛ ድራም ፊት ሲቀመጥ ርቀቱ ሁሉ ይዛባበታል። የዳሩ ጎማም በደንብ መለየት አለበት፦ ሜሹን ብቻ ስትመታ አንድ፣ ሜሹንና ዳሩን አንድ ላይ ስትመታ ሌላ፣ ስቲኩን አስተኝተህ ዳሩን ስትነካ ደግሞ ሦስተኛ ድምፅ። ሜሽ ከእውነተኛ ቆዳ ይልቅ ያነጥራል። ስለዚህ እንደ ትራምፖሊን እስኪሆን አትወጥረው፤ ስቲኩ በራሱ እየነጠረ እጅህ ሳይሠራ እንዲያልፍ ያደርገዋል።

ራይዱ ላይ ሦስት ቦታ ይፈለጋል፦ ሜዳው፣ ጠርዙና መሃሉ ላይ ያለው ቤል። ስለ ቶሞቹ ብዙ አትጨነቅ። በአንድ ዘፈን ውስጥ ስንቴ እንደምትነካቸው ብታስብ ምክንያቱ ይገባሃል።

ወደ ድሮ ሲምባሎችህ ስመጣ መልሴ «አትቁጠርባቸው» ነው። ጃኩ አንድ ስለሆነ ኬብሉ ይገባል፣ ፓዱም ሲመታ አንድ ድምፅ ያወጣ ይሆናል። ከዚያ ያለፈው ግን ዕድል ነው። ምክንያቱ ከኬብሉ ጀርባ ያለው አሠራር ነው። የፓዱን ሜዳ የሚያነበው ብዙውን ጊዜ ፒየዞ የሚባል፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ትንሽ ዲስክ ነው። ጠርዙን የሚያነበው አንዳንዱ ላይ ሁለተኛ ፒየዞ፣ አንዳንዱ ላይ ሲጫኑት የሚገጥም ስስ ስዊች ነው። ሞጁሉ የሚጠብቀውና ፓዱ የሚልከው ካልገጠሙ ጠርዙ ዝም ይላል፣ ወይም ሲምባሉን በእጅህ ስትይዘው ድምፁ አይቆምም። ራይድ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የያማሃ ባለ ሦስት ቦታ ሲምባሎች ሦስቱንም በአንድ ስቴሪዮ ኬብል ይልካሉ። ብዙዎቹ የሮላንድ ራይዶች ግን ለቤሉ ሁለተኛ ኬብልና ሁለተኛ መሰኪያ ይፈልጋሉ። የሃይሃት ፔዳል ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ የአንዱን በሌላው ላይ ሰክቶ በትክክል ማሠራት ብርቅ ነው። የሌላ ድርጅት ፓድ ሲገጥም ደስ ይበልህ እንጂ፣ ይገጥማል ብለህ ገንዘብ አታውጣ። የሞጁሉን መመሪያ አውርደህ የሚቀበላቸውን ፓዶች ዝርዝር ብታየው ከሻጩ ቃል ይሻልሃል።

የጎረቤቶችህ ጉዳይ ላይ ግን ተሳስተሃል፤ ይህን ቀድመህ ብታውቀው ለሁላችሁም ጥሩ ነው። ሜሽ ፀጥ የሚለው ክፍሉ ውስጥ ላለ ጆሮ ነው። ከጎማ ፓድ «ጠቅ ጠቅ» ጋር ሲነጻጸር በእውነት ለውጥ አለው። ሲምባሎቹ ግን ያው ጎማ ናቸው። ከታች ያለውን ሰው የሚያስቸግረው ደግሞ በአየር የሚሄደው ድምፅ አይደለም፤ ወለሉን ይዞ የሚወርደው ንዝረት ነው። የኪክ ፔዳሉ መምቻ ፓዱን በመታ ቁጥር ንዝረቱ በእግሮቹ በኩል ወለሉ ውስጥ ይገባል፣ ከታች ላለው ሰው ጣሪያው ሲደበደብ ይሰማዋል። የሃይሃቱ ስታንድም በእግር «ጭ» ስታደርገው ይልካል። ምንጣፍ ብቻውን ይህን አያቆመውም። የሚሠራው ድራሙን ከወለሉ መለየት ነው፦ ሁለት ወፍራም ጣውላ፣ በመሃላቸው በእኩል ርቀት የተደረደሩ የቴኒስ ኳሶች። ኳሶቹ እንዳይንከባለሉ በታችኛው ጣውላ ላይ ክብ ቀዳዳ ይበሳላቸዋል። እንዲህም ሆኖ ንዝረቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ኪክ የሚበዛበትን ልምምድ በእንቅልፍ ሰዓት አታድርገው።

አሁን ፍተሻው። ያገለገለ ድራም በፎቶና በቪዲዮ አይገዛም። የራስህን ስቲክ፣ የራስህን ባለ ሽቦ ሄድፎን፣ አንድ የማትጠራጠረው ስቴሪዮ ኬብልና ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ። ብሉቱዝ ሄድፎን አትውሰድ፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስህ ጤነኛውን ድራም የታመመ ያስመስልብሃል። ቲዲ-17 ብሉቱዝ አለው ብለህም አትታለል። እሱ ከስልክህ ዘፈን ለመቀበል ነው እንጂ ወደ ሄድፎን ለመላክ አይደለም።

ሃይሃቱ ላይ ጊዜ ውሰድ። ዘግተህ በተከታታይ ምታ፤ እየመታህ እግርህን በጣም በዝግታ አንሳ። ድምፁ ደረጃ በደረጃ መከፈት አለበት። ከዝግ ወደ ክፍት ድንገት ከዘለለ መጀመሪያ የሃይሃቱን ማስተካከያ ሞጁሉ ላይ አድርገህ ድገመው፤ ብዙ ጊዜ ስታንዱ ላይ ያለው ከፍታ ስለተዛባ ነው። ከተስተካከለም በኋላ ከዘለለ ሴንሰሩ ደክሟል። በእግር ብቻ ዝጋው፤ «ጭ» የሚለው ጥርት ብሎ መምጣት አለበት። ቶሎ ረግጠህ ልቀቀው፤ ረዘም ያለ ክፍት ድምፅ መስጠት አለበት።

ስኔሩን ከዳር ወደ መሃል በቀላሉ፣ በጣት ጫፍ ኃይል እየመታህ ሂድ። ብዙ ሜሽ ፓዶች መሃላቸው ላይ ሴንሰር የተሸከመ የስፖንጅ ኮን አላቸው። መሃሉ ላይ ብቻ ድምፁ ከመጠን በላይ ከጮኸ ወይም ዳሩ አካባቢ ምት ከተዋጠ ኮኑ ተጨፍልቋል ወይም ደርቋል። ኮን የሚለወጥ ዕቃ ስለሆነ ይህ የዋጋ መቀነሻ እንጂ መተዊያ ምክንያት አይደለም። ክራሾቹን (ለማድመቂያ የሚመቱትን ሲምባሎች) መትተህ ወዲያው ጠርዛቸውን በጣትህ ጨብጥ፤ ድምፁ መቆም አለበት። ይህን ጠርዙ ላይ በተለያየ ቦታ ድገመው። በአንዱ በኩል የሚቆም፣ በሌላው የማይቆም ከሆነ ውስጡ ያለው ስዊች መሞት ጀምሯል፤ እሱን መጠገን አድካሚ ነው።

አንድ ፓድ ዝም ቢል ወይም ዳሩ ባይሠራ ለመፍረድ አትቸኩል። አንዳንዴ ሰው ሞኖ ኬብል ሰክቶበት ነው። ሞኖ ኬብል የሁለተኛውን ቦታ መረጃ አያሳልፍም፤ ይዘኸው በሄድከው ስቴሪዮ ኬብል ለውጠህ እየው። አንዳንዴ ደግሞ ሞጁሉ ላይ የተመረጠው የፓድ ዓይነት ልክ አይደለም። አንዱን መትተህ ሁለት ከጮኸ ወይም ጎረቤቱ ፓድ አብሮ ከጮኸም አብዛኛውን ጊዜ በማስተካከያ የሚድን ነው። ሻጩ ይህን ካላወቀ ጤነኛ ዕቃ እንደተበላሸ ቆጥሮ ዋጋ ሊቀንስልህ ይችላል።

ሞጁሉ ላይ ሁሉንም ቁልፍ ተጫን። የድምፅ መጨመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዙር፤ ጥቂት «ክርችች» ካለ አቧራ ነው፣ አንዱ ጆሮ ከጠፋ ግን ሌላ ነገር ነው። የሄድፎኑን መሰኪያ በቀስታ ነቅነቅ አድርገው። ቲዲ-17 ላይ አብዛኞቹ ፓዶች የሚገቡት በአንድ ሰፊ ባለ ብዙ እግር ኬብል ነው። እሱን አውጥተህ እግሮቹ እንዳልተጣመሙ አይተህ መልሰህ ሰካው፤ የዚህ ኬብል ብልሽት ግማሹን ድራም ዝም ያሰኛል። ከዚያ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘውና ዩኤስቢው መነበቡን አረጋግጥ። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑንም እይ። ቮልቴጁ ቢገጥም እንኳ የፕላስና የማይነሱ አቀማመጥ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ በተሳሳተ አዳፕተር ሞጁሉን ልታቃጥለው ትችላለህ። ፓዶቹን የሚሸከመውን ብረት የሚያያይዙት መያዣዎች ፕላስቲክ ስለሆኑ ከመጠን በላይ የተጠበቁት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይኖራል። ጣትህን አዙርባቸው።

ቤት ካስገባኸው በኋላ የሞጁሉ ድምፅ ከሰለቸህ ሌላ ሞጁል ለመግዛት አትሩጥ። በላፕቶፕ ላይ የሚጫኑት የድራም ሶፍትዌሮች፣ ለምሳሌ ሱፐሪየር ድራመር ወይም አዲክቲቭ ድራምስ፣ በስቱዲዮ ከተቀዳ እውነተኛ ድራም ነው ድምፃቸውን የሚያመጡት። ከድራሙ የሚሄደው የሚዲ መረጃ ብቻ ነው፦ የትኛው ፓድ፣ በምን ያህል ኃይል፣ ሃይሃቱ ምን ያህል ተከፍቶ። ድምፅ በሶፍትዌር ይገዛል፤ መጥፎ ሴንሰር ያላነበበውን ምት ግን የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ሃይሃቱና ስኔሩ ላይ ሙጭጭ ያልኩት ለዚህ ነው። ችግር የሚሆነው መዘግየት ነው። የኦዲዮ ቅንብሩ ላይ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) ወደ 128 ሳምፕል ወይም ከዚያ በታች አውርደው። በ44,100 ሄርዝ ሲሰላ 128 ሳምፕል ወደ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሌሎች መዘግየቶች ቢጨመሩበትም እጅህ ይችለዋል። ላፕቶፑ በዚህ ቅንብር ድምፅ ከቆራረጠ አቅሙ አልበቃም ማለት ነው፤ ያኔ በሞጁሉ ድምፅ ተጫወት።

ያለህን ገንዘብ ሁሉ ድራሙ ላይ አትጨርስ። የተወሰነውን ለጥሩ ኪክ ፔዳልና ለማይወዛወዝ ወንበር አስቀር። ወንበር ሰው የሚንቀው ነገር ነው፤ ወገብህ ግን ድራሙ ስንት ዋጋ እንዳወጣ አያውቅም። ቁመቱ የሚስተካከል፣ ስትቀመጥበት ዳሌህ ከጉልበትህ ትንሽ ከፍ የሚልበት ይሁን።

ኬቪኤክሱ ፍተሻውን ካላለፈስ? ሃይሃቱ ብቻ ከሆነ የወደቀው፣ የቪኤች-10ን ዋጋ ጠይቀህ ከሻጩ ዋጋ ላይ አስቀንስ፤ ካልቀነሰ ተወው። ሞጁሉ ወይም ዩኤስቢው ከሆነ በምንም ዋጋ አትውሰደው። ያኔም ወደ ቲዲ-20 አትመለስ። በስታንድ ላይ የሚቀመጥ ሃይሃት፣ ባለ ሦስት ቦታ ራይድ፣ ሰፊ ስኔርና ዩኤስቢ ያለው ሌላ የቅርብ ዓመታት ስብስብ እስኪገኝ ጠብቅ። የያማሃ ዲቲኤክስም ይሁን የሌላ፣ ስሙ ሳይሆን እነዚህ አራቱ ይሟሉ።

የድሮውን ድራምህን አዲሱ በገባ ቀን አትሽጠው። ያገለገለ ዕቃ ችግር ካለው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ሞቆ ለሰዓታት ሲሠራ ነው የሚወጣው። ያን ጊዜ ካለፈ በኋላ ሲምባሎቹን ሳትነጥል ሙሉውን አንድ ላይ ሽጠው። ሙሉ የጀማሪ ስብስብ ቶሎ ገዢ ያገኛል፤ ሲምባል የጎደለው ግን ዓመቱን ሙሉ ጥግ ይዞ ይቀመጣል።